ቃል አልባ ዜማ ምን በደለ?

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ሳሪስ፣ አንድ አዳራሽ ውስጥ ነበርን። አምስት ሆነን ከሻይና ከዳቦ ቆጥበን ገባን። አንዱ ጓዳችን ይህን ባንድ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ጀምሮ ያልተከተለበት መድረክ የለም፤ የትኛው ዜማ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ሳይቀር ደብተሩ ላይ ይመዘግባል። (እብድ ነው ብለነው ነበር። ቃላችንን አንስተናል።)

እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል ልጆቹ አንድ የአምባሰል ዜማ ያዙ። ዘፋኙ ሁለት ስንኝ ብሎ ወደ ጥግ ዞር አለ። ቤዙ አንዲቱን ሐረግ ይመላልሳታል፤ ኪቦርዱ ይጠይቃል፤ ሳክሱ እየዘገየ ይመልሳል። ትላንት ያልነበረ፣ ነገም የማይደገም ነገር! ይህን ስንል ከኋላ «ዝፈኑ እንጂ! ልምምዱን ቤታችሁ!» የሚል ጩኸት ተነሣ። አስተዋዋቂው ማይክሮፎኑን ነጥቆ «አሁን ወደ ጭፈራው!» አለ። አለቀ።

ስንወጣ አንድ የክፍል ጓደኛችን ፈረደ፦ «ያለ ግጥም ሃያ ደቂቃ መንፋት የፈረንጅ ነገር ነው። ያበሻ ጆሮ ቃል ይፈልጋል።» ይህን የምንጽፈው ለእሱና ለመሰሎቹ ነው።

የፈረንጅ? እረኛው አንዱን ዜማ እየሰበረ እየጠገነ ዋሽንቱን ሲነፋ ከየትኛው አሜሪካ ኮርጆ ነው? አዝማሪውስ ግጥም እስኪመጣለት ማሲንቆውን ሲያስረዝም? ሳክሱና ኪቦርዱ ከውጭ መጥተዋል፣ አዎ፤ የወዳጃችን ጂንስም እንዲሁ።

በሂልተን ይጫወት የነበረው ዋሊያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1977 ያወጣው «ቼ በለው» በአብዛኛው የመሣሪያ ሙዚቃ ነው። «ሙዚቃዊ ስልት» ከዚያው ነው። በደርግ ዘመን በሰዓት እላፊው ምክንያት የሌሊት ቤቶች በር ዘግተው እስኪነጋ ያስጫውቱ ነበር። «መውጫ አጥተው ነው የሰሙት» ይለን ይሆናል። ልክ ነው፣ መውጫ አልነበረም። የሚዘፍን ግን ጠፍቶ አልነበረም እኮ!

የባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1981 ከባንዱ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ። ዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ ኪቦርዱን ከመኪናው ኋላ ጭኖ፣ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ይለማመድ ነበር። የድሮ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2013 ዳግም ታትሞ የዓለም መድረክ ተከፈተለት። እኛ ዘንድስ የመሣሪያ ሙዚቃ የት ነው? በሁለት የሬዲዮ ፕሮግራሞች መካከል፣ ከማስታወቂያ ሥር። መሙያ! በጣይቱ ሆቴል የነበረው ጃዝአምባም እ.ኤ.አ. በ2015 ተቃጠለብን። ሕዝቡ አይሰማም የሚሉን ሰዎች ታዲያ መቼ አሰሙትና?

ሲረዝም የሚደርቅም አለ፣ አንክድም። በዚያች ማታ ሁለተኛው ዜማ ደርቆብናል። ግን ይጨርሱትና እንፍረድ!

ጓዳችን ደብተሩ ላይ «አምባሰል፣ ተቆረጠ» ብሎ ጻፈ። እስከ ሳሪስ አቦ በእግራችን ስንሄድ ቃል አልወጣውም። ባንዱ በሚቀጥለው ወር ይመለሳል ተብሏል። ፊት ወንበር እንይዛለን፤ ማይክሮፎኑ ሊነጠቅ ሲል «ይጨርሱ!» ብለን እንጮሃለን። ወዳጃችንም ይምጣ። መግቢያውን እኛ እንከፍላለን።