ከቅጂው በፊት ኮርማው ይመረጥ

በጀውሃና በሸዋ ሮቢት መስኖ ሙዝ የሚተክል አርሶ አደር ዘር አይዘራም። ከእናት ተክሉ ሥር የወጣውን ችግኝ ነቅሎ ይተክላል፤ አዲሱ ሙዝም የእናቱ ቅጂ ይሆናል። ሳይንቲስቶች ክሎኒንግ የሚሉት ዘዴ ይህንኑ በእንስሳት ላይ መድገም ነው። ለሙዝ ግን ተፈጥሮ በቀላሉ የሰጠችው ለእንስሳት ቤተ ሙከራ፣ ረጅም ድካምና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። በ1988 ዓ.ም. ስኮትላንድ ውስጥ ዶሊ የተባለችው በግ ከአንዲት ጎልማሳ በግ የጡት ሴል ስትገኝ፣ ከ277 ሙከራዎች በሕይወት የተወለደችው እሷ ብቻ ነበረች።

ዘዴው ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። ናይሮቢ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም የቦረና ዝርያ ኮርማ በዚሁ መንገድ እንዲወለድ አድርጓል። ዓላማውም ገንዲን የሚቋቋሙ ከብቶች ለማግኘት መሠረት መጣል ነው። ሊጠፋ የተቃረበ ዝርያን ለማቆየትም ሊያግዝ ይችላል።

ገደቡን ማወቅ ግን ያስፈልጋል። ቅጂ ያለውን ይደግማል እንጂ አያሻሽልም። የምርጥ ላም ቅጂም መኖና ውኃ ካጣች ወተቷ ይነጥፋል። መንጋው ሁሉ አንድ ዓይነት ከሆነ ደግሞ አንዷን የጣለ በሽታ ሌሎቹንም ይጥላል። ግሮ ሚሼል የተባለው ሙዝ ባለፈው ክፍለ ዘመን በአንድ የፈንገስ በሽታ ከታላላቅ የንግድ እርሻዎች የጠፋው ሁሉም ተክል የአንዱ ቅጂ ስለነበረ ነው።

በሰው ላይ ሲሆን ጥያቄው ከእርባታ አልፎ የሰው ክብር ጉዳይ ይሆናል። በእንስሳት ላይ አብዛኛው ሙከራ በሞትና በአካል ጉድለት ሲያልቅ እየታየ፣ በሕፃን ላይ መሞከር ተቀባይነት የለውም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም በ1997 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ አገሮች የሰውን ክሎኒንግ እንዲከለክሉ ጠይቋል።

ለይፋት ቆላ የሚበጀው ቅርብ ነው። የአካባቢው ከብት ሙቀቱንና የመኖ እጥረቱን ለምዷል፤ የፈረንጅ ደሙ የበዛ ዲቃላ ግን ሙቀቱ ይከብደዋል። ያለ ምርጫ ማዳቀል ይህን ሀብት ቀስ በቀስ ያጠፋል፤ የጠፋ ዝርያ ደግሞ በገንዘብ አይመለስም። በዚሁ በሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ላይ አርሶ አደሮች ከደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ጋር ሆነው የአውራ በጎቻቸውን መረጃ እየመዘገቡ ምርጦቹን በጋራ ለእርባታ ይጠቀማሉ። ለቆላው ከብትና ፍየልም ይኸው ይሠራል።

ስለዚህ የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች በየቀበሌው ምርጥ የአካባቢ ኮርማዎችን ከአርቢው ጋር ሊለዩና ሊመዘግቡ ይገባል። ያልተመረጠው በወቅቱ ይኮላሽ። ሰው ሠራሽ የማዳቀል አገልግሎትም ሰዓቱን ይጠብቅ፤ ጠዋት ኮርማ ስትፈልግ የታየች ላም ከሰዓት በኋላ ካልተዳቀለች ዕድሉ ያልፋል። አርቢውም ምልክቱን እንዳየ ሳይውል ሳያድር ለባለሙያው ይንገር። ምርጡ ተለይቶ ካልታወቀ፣ ነገ ቴክኖሎጂው በእጃችን ቢገባ እንኳ የሚቀዳው የቱ እንደሆነ የሚያውቅ አይኖርም።