የስኳሩ ቁጥር ከምግቡ ሰዓት ጋር ይነገር
የስኳር በሽታ የከተሜና የባለጸጋ ሕመም ነው እየተባለ በገጠሩ ሕዝብ ዘንድ ሲነገር መቆየቱ ይታወቃል። ይሁንና ሞፈርና ቀንበር ተሸክሞ የሚውለው ገበሬም ከበሽታው ነፃ አይደለም።

በተለይ ልናነሳው የወደድነው የምርመራውን ቁጥር ጉዳይ ነው። ገበሬው ብዙውን ጊዜ ጤና ጣቢያ የሚደርሰው በገበያ ቀን፣ በመንገድ ላይ ቆሎውን ቆርጥሞ፣ አንዳንዴም ጠላውን ቀማምሶ ነው። ጣቱ ተወግቶ «160» ሲባል ቁጥሩን ብቻ ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። አንዱ ይደነግጣል፤ ሌላው የጎረቤቱ ከዚህ ይበልጥ ነበር ብሎ ይጽናናል። ሁለቱም ተሳስተዋል። ማዳበሪያ በቅርቡ ከተበተነበት ማሳ የተወሰደ የአፈር ናሙና የማሳውን ለምነት በትክክል እንደማያሳይ ሁሉ፣ መቼ እንደተበላ ሳይታወቅ የተለካ ስኳርም እንዲሁ ነው።

ቢያንስ 8 ሰዓት ከውሃ በስተቀር ምንም ሳይቀመስ ጠዋት ሲለካ በአንድ ዴሲ ሊትር ደም ከ70 እስከ 99 ሚሊ ግራም ቢገኝ ደኅና ነው። ከ100 እስከ 125 ማስጠንቀቂያ ሲሆን፣ 126ና ከዚያ በላይ በሌላ ቀን ተደግሞ ሲረጋገጥ በሽታው አለ ይባላል። ከምግብ በኋላ ግን የጤነኛም ሰው ስኳር ከፍ ይልና በ2 ሰዓት ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከ140 በታች ይመለሳል። ስለዚህ ቆሎ በልቶ 160 የተባለ ሰው በሌላ ቀን በባዶ ሆዱ መመለስ ይኖርበታል። 200ና ከዚያ በላይ ሆኖ የውሃ ጥም፣ የሽንት መብዛትና መክሳት ከታከለበት ግን ቀጠሮ አያሻውም፤ ትውከት ከተጨመረበትም በዚያው ቀን ሆስፒታል ይድረስ።

በሽታው የተረጋገጠበት ሰው እንጀራውን ቀንሶ ጎመኑን ያብዛ። ጤፍ ስኳር አይጨምርም፣ ማርም መድኃኒት ነው የሚለው ወሬ እውነት አይደለም። ቁጥሩ ወረደ ብሎ መድኃኒቱን የሚያቋርጥም አለ፤ ያወረደው መድኃኒቱ መሆኑን ይዘነጋል።

ከሁሉ የሚያሳስበን ኢንሱሊን ተወግቶ እስከ 9 ሰዓት እየጾመ የሚያርሰው ነው። ስኳሩ ከ70 በታች ሲወርድ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ራሱንም ሊስት ይችላል። መዋጥ እስከቻለ ድረስ ስኳር ወይም ያ የነቀፍነው ማር ወዲያው ይሰጠው። ጾሙ ከመግባቱ አስቀድሞም ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ጋር ይመካከር።

የጤና ባለሙያዎችም ከቁጥሩ ጎን ሕመምተኛው መቼ እንደበላ በካርዱ ላይ እንዲጽፉለት እናሳስባለን።