ቡድን ተከትሎ የሚጓዝ እንግዳና የነጋዴው ድርሻ

ስፖርት የወጣቶች መዝናኛ እንጂ የነጋዴ ጉዳይ አይደለም የሚል አስተሳሰብ በየገበያው ይሰማል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። አንድ ቡድን ድንበር ሲሻገር ደጋፊው ይከተለዋል፤ ደጋፊውም በደረሰበት ሁሉ ይሳፈራል፣ ይበላል፣ ያድራል፣ ለቤተ ዘመዱም ማስታወሻ የሚሆን ዕቃ ይገዛል። ይህን ሁሉ የሚያቀርብለት ነጋዴ ነው።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆነው በ2005 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ የተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ነው። የኢትዮጵያ ቡድን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ ውድድሩ ተመልሶ ጥር 13 ቀን በኔልስፕሩት ከተማ ከዛምቢያ ጋራ 1 ለ 1 ተለያየ። ያ ቀን ኢትዮጵያ በ1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዋንጫውን ካነሣችበት ቀን ጋራ የተገጣጠመ ነበር። ከዚያም በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በሩስተንበርግም በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸንፎ ተመለሰ። ቡድኑ ቢሸነፍም ሰንደቅ ዓላማ የለበሰው የኢትዮጵያውያን ብዛት ተመልካቹን ሁሉ አስደንቋል።

ኔልስፕሩት ከጆሃንስበርግ በስተምሥራቅ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ሩስተንበርግ ደግሞ በስተሰሜን ምዕራብ ይገኛሉ። ስለዚህ ቡድኑን የተከተለ ሰው በጥቂት ቀናት ውስጥ ረጅም መንገድ ሊያቋርጥ ግድ ሆነበት። ኔልስፕሩት ወደ ክሩገር የዱር አራዊት ፓርክ መግቢያ ናት፤ የስታዲየሙ ምሰሶዎች በቀጭኔ አምሳል፣ መቀመጫዎቹም በሜዳ አህያ ቀለም መሠራታቸው በከንቱ አይደለም። ከተማዪቱ ኳስ ሊያይ ለመጣው እንግዳ ሌላውን ሀብቷን በዚያው አስታወቀችው።

በእንግሊዝና በሕንድ የሚወደደው ክሪኬትም ይህንኑ ያስተምራል። አንዱ ዐይነት ግጥሚያ እስከ 5 ቀን ስለሚፈጅ ተከታዩ ሳምንታት ይሰነብታል፤ በግጥሚያዎቹም መካከል ሻንጣውን በጀርባው አዝሎ ገጠሩን ይዞራል። በ2027 እ.ኤ.አ. የክሪኬት የዓለም ዋንጫ በደቡብ አፍሪካ፣ በዚምባብዌና በናሚቢያ እንዲደረግ ተወስኗል። ለባለ ሆቴሉና ለመንገድ መሪው ትልቁ ትርፍ የሚገኘው ጨዋታ በሌለበት፣ እንግዳው ቀኑን የሚያሳልፍበት ስፍራ በሚፈልግበት ጊዜ ነው።

ኢትዮጵያም የ2029 እ.ኤ.አ. የአፍሪካን ዋንጫ ለማስተናገድ ፍላጎቷን ገልጻ ነበር። ከላላ ስታዲየም አይሠራባትም፤ ነገር ግን ጨዋታ በሌለበት ቀን የሚታይ ነገር በአካባቢዋ ሞልቷል። በመካነ ሰላም አቅራቢያ የሚገኘው የቦረና ሳይንት ፓርክ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል። ደጋው በግና ገብስ፣ ባለሙያውም የሱፍ ባና አለው።

እርግጥ ነው፣ ሰላም ካልጸና፣ መንገድም ካልተስተካከለ እንግዳ አይመጣም፤ ይህም ከነጋዴው ዐቅም በላይ ነው። ይሁን እንጂ ንጹሕ አልጋና ውሃ፣ በግድግዳ ላይ የተለጠፈ ዋጋ፣ ለመንገድ መሪውና ለባለ በቅሎው የተቆረጠ ክፍያ፣ የማያወላውል ደረሰኝ፣ እነዚህ ሁሉ በነጋዴው እጅ ናቸው። ለባዕድ ሰው ዋጋ እጥፍ ማድረግ የአንድ ቀን ትርፍና የብዙ ዓመት ኪሳራ ነው።

ስም ከገንዘብ እንደሚበልጥ ያው የኔልስፕሩት ግጥሚያ አሳይቷል። አንዳንድ ደጋፊዎች ተቆጥተው ቩቩዜላና ጠርሙስ ወደ ሜዳ በመወርወራቸው ጨዋታው ለጥቂት ጊዜ ተቋረጠ፤ የሺሆችን ጨዋነት የጥቂቶች ቁጣ ሊጋርደው ደረሰ። በአንድ ከተማም የአንድ ነጋዴ ብልጠት የሁሉን ደጅ ያዘጋል።

የወሎ ወጣት ሥራ ፍለጋ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በሚሰደድበት ዘመን፣ እንግዳን በአገር ቤት ተቀብሎ የሚገኝ እንጀራ ሊናቅ አይገባም። «ከፍትፍቱ ፊቱ» ያሉት አባቶች የእንግዳ አቀባበልን ሕግ በሁለት ቃል ጨርሰውታል። የከላላና የመካነ ሰላም ነጋዴዎች ዋጋቸውንና ደንባቸውን በኅብረት ተመካክረው ዛሬ ቢወስኑ፣ መንገዱ በተከፈተ ቀን እንግዳው ተዘጋጅተው ያገኛቸዋል።