የመድኃኒት ሽፋን በሠራተኞች የጤና መድን፦ ከዝርዝር እስከ መደርደሪያ

የጤና መድን ዓላማ ሕመም በድንገት የሚያስከትለውን ወጪ ብዙዎች አስቀድመው በሚያዋጡት ገንዘብ መሸፈን ነው። እንደ ደም ግፊትና ስኳር ያሉ ሕመሞች ላሉበት ሠራተኛ ይህ ወጪ በየወሩ የሚመላለስ የመድኃኒት ግዢ ነው። ስለዚህ የመድን ሥርዓት የሚመዘነው ታካሚው ማዘዣውን ይዞ መድኃኒት ቤት ሲደርስ በሚያገኘው መልስ ነው።

በኢትዮጵያ የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ከወጣ ከአሥር ዓመት በላይ አልፏል። ማስፈጸሚያው ደንብ ቁጥር 271/2005 ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪውም በተመሳሳይ መጠን 3 በመቶ እንዲያዋጡ ይደነግጋል። ከሚሸፈኑት አገልግሎቶች መካከልም በመድን ተቋሙ ዝርዝር የተካተቱና በሐኪም የታዘዙ ጄኔሪክ መድኃኒቶች ይገኛሉ። አፈጻጸሙ ግን በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ክርክሩ በአመዛኙ ያተኮረው በመዋጮው መጠን ላይ ነው፤ በመዋጮው ምን ዓይነት መድኃኒት፣ የትና እንዴት ይገኛል የሚለው ጥያቄ ተገቢውን ትኩረት አላገኘም።

ሽፋኑ በጄኔሪክ መድኃኒቶች መወሰኑ ትክክል ነው። ፈዋሽ ንጥረ ነገሩ አንድ እስከሆነ ድረስ ለንግድ ስም ተጨማሪ ዋጋ መክፈል የጋራን ገንዘብ ማባከን ነው። ችግሩ ያለው በዝርዝሩና በመደርደሪያው መካከል ነው። በ2003 በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በዚህ ረገድ በቂ ትምህርት ሰጥቷል። አባሉ መዋጮውን ከፍሎ፣ ምርመራውን በነጻ አግኝቶ፣ መድኃኒቱ በጤና ጣቢያው ባለመኖሩ ከግል መድኃኒት ቤት በኪሱ የሚገዛ ከሆነ የተሸፈነለት ወጪ ቀላሉ ብቻ ነው። መድኃኒት በአብዛኛው በውጭ ምንዛሪ የሚገባ በመሆኑ በሐምሌ 2016 የተደረገው የምንዛሪ ሥርዓት ለውጥ ጉዳዩን ይበልጥ አሳሳቢ ያደርገዋል።

የጋና ልምድም ይህንኑ ያሳያል። የአገሪቱ ብሔራዊ ጤና መድን እያንዳንዱን መድኃኒት ከሚከፈልበት ዋጋ ጋር የሚዘረዝር ሰነድ አለው። ሆኖም የተተመነው ዋጋ ከገበያው ወደ ኋላ ሲቀርና ለአቅራቢዎች የሚከፈለው ገንዘብ ሲዘገይ አባላት ተጨማሪ እንዲከፍሉ ተደርጓል። ያልታደሰ ዝርዝር በወረቀት ላይ ሽፋን ይሰጣል፤ በተግባር ግን ይነሣል።

ሰፊ የመድኃኒት ሽፋን ፈንዱን ያራቁታል፤ ስለዚህ ታካሚው በየግዢው ድርሻ ይክፈል የሚል መከራከሪያ ይነሣል። ስጋቱ መሠረተ ቢስ አይደለም። ይሁንና በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1974 እስከ 1982 የተካሄደው የራንድ የጤና መድን ጥናት የታካሚ ድርሻ አላስፈላጊውን አገልግሎት ብቻ ሳይሆን ጠቃሚውንም እንደሚቀንስ አሳይቷል። የደም ግፊት መድኃኒቱን ለመቆጠብ ያቋረጠ ሠራተኛ ኋላ በስትሮክ ቢተኛ ወጪው ተመልሶ በፈንዱ ላይ ይወድቃል። ቁጠባው ከታካሚው ኪስ ሳይሆን ከዝርዝሩ ጥራትና ከጅምላ ግዢው መገኘት አለበት።

ከዚህ በመነሣት ከመዋጮው በፊት ሦስት ነገሮች ሊቀድሙ ይገባል። አንደኛ፣ የመድኃኒት ዝርዝሩና የሚታደስበት ጊዜ ለሠራተኛው በግልጽ ይነገር። ሁለተኛ፣ መድኃኒቱ በጤና ተቋሙ ሲጠፋ ታካሚው ገዝቶ ደረሰኝ ይዞ እንዲመላለስ ከማድረግ ይልቅ ተቋሙ ውል ለገባላቸው መድኃኒት ቤቶች በቀጥታ ይክፈል። ሦስተኛ፣ የረጅም ጊዜ ሕመም መድኃኒቶች ከታካሚ ድርሻ ነጻ ይሁኑ።

መለኪያውም አዲስ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጣው መመሪያ ከታዘዙት መድኃኒቶች ውስጥ በትክክል የተሰጡት ስንት በመቶ እንደሆኑ የሚያሳይ አመልካች አስቀምጧል። ይህ አኃዝ በየጤና ተቋሙ ተለክቶ በየጊዜው ለሕዝብ ይፋ ቢሆን ሠራተኛው የሚቆረጥበት 3 በመቶ ምን እንደሚገዛለት ያውቃል፤ አሠሪውና መንግሥትም የገቡትን ቃል መፈጸማቸው ይታያል።