ሹራብ የሚሠራ ወንድ

ባለፈው ታኅሣሥ፣ የደብረ ብርሃን ውርጭ ሣሩን ነጭ በሚያለብስበት ሰሞን፣ ጥቂት የግጥም ወዳጆች በምንሰበሰብበት ክፍል ጥግ ይዤ ተቀምጬ ነበር። አንድ ወንድማችን ግጥሙን ያነባል፤ ስለ እንዝርት፣ ስለ ፈትል፣ ስለ ሸማኔው መወርወሪያ፣ ዘመንን ስለሚያዳውር እጅ። እኔም እያዳመጥሁ ከቦርሳዬ አራት የቀርከሃ ዘንግና አንድ ልቃቂት ጥቁር ክር አውጥቼ የጀመርሁትን ቆብ ቀጠልሁ። ንባቡ ሲያበቃ ገጣሚው ወደ እኔ ዞሮ «አንተ ደግሞ መቼ ነው ሴት የሆንኸው?» አለኝ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቤቴ ስገባ ግን ሳቁ አልዋጥ አለኝ።

የእኛ የሥነ ጽሑፍ ሰው ፈትልን ለምሳሌ ስትሆነው ይወዳታል፤ ጣቱን ስትነካው ግን ያፍርባታል። ባለቅኔውን «የቃላት ሸማኔ» ብሎ ያወድሳል፤ ሸማኔውን ግን ስሙን እንኳ ጠይቆት አያውቅም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያወጡት፣ ሸማኔው «ቁጢት በጣሽ»፣ ብረት ሠሪው «ጠይብ» እየተባለ ሲዋረድ አይተው ነው። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። ስድቡ ከአደባባይ ወጥቶ ወደ ቀልድ ገብቷል እንጂ አልሞተም። እንዲያውም ቀልድ ሲሆን ይከፋል፤ የሚቆጣውን ሰው ቀልድ የማያውቅ ያሰኘዋልና።

«ሴት» የሚለውን ነገር ደግሞ እንየው። በአገራችን ፈትል የሴት፣ ሽመና የወንድ ሥራ ሆኖ ኖሯል። የመንዝን ባና አስቡት፤ ሴቶች የበጉን ጠጉር ይፈትላሉ፣ ወንዶች ይሸምናሉ። አያቶቻችን ከብርዱ የተረፉት ሁለቱም እጆች ክር ስለነኩ ነው። ወንድ በመወርወሪያ ክር ሲያመላልስ ወንድነቱ ካልተነካ፣ በሁለት ዘንግ ሲያመላልስ የሚነካበት ምክንያት ምንድን ነው? በፔሩ፣ በቲቲካካ ሐይቅ ላይ ባለችው ታኪሌ ደሴት፣ ወንዶች ከልጅነታቸው ጀምሮ ቆብ ይሠራሉ፤ ዩኔስኮም የደሴቲቱን የክር ጥበብ እ.ኤ.አ. በ2005 ከዓለም ድንቅ ቅርሶች ቆጥሮታል። እዚያ የሚያስከብረው እዚህ ያስቃል።

ሌላው ተቃዋሚዬ ገጣሚ አይደለም፤ በባንኩ መስኮት አጠገቤ የሚቀመጥ ደግ ባልደረባዬ ነው። «ሰልባጁ እያለ ምን አደከመህ?» ይለኛል። እውነቱን ነው፤ ሰዓቴን በብር ብመነዝር ሹራቤ ከማንም ሱቅ ይወደዳል። ነገር ግን የማይተዋወቁ ሁለት ነገሮች አድርጎ አያቸው እንጂ ሰልባጁ ራሱ የእኔ የክር መደብር ነው። በአንድ ምሳ ዋጋ የተቀደደ የሱፍ ሹራብ እገዛለሁ። መጀመሪያ ገልብጬ ስፌቱን አያለሁ። ጎኑ በመቀስ ተቆርጦ በመኪና የተዘመዘመ ከሆነ እተወዋለሁ፤ ሲተረተር እንደ ፍርፋሪ ቁርጥራጭ ነው የሚሆነው። ቁራጮቹ እንደ ተሠሩ ተሰፍተው እንደ ሆነ ግን ስፌቱን ፈትቼ፣ ከተዘጋበት ጫፍ እየተረተርሁ በወንበር መደገፊያ ላይ እጠመጥመዋለሁ። የተጨማደደው ክር ለብ ባለ ውኃ ይታጠብና ከታች ክብደት ታስሮበት ሲደርቅ ይቃናል።

ዘንጉንስ? ከብስክሌት ጠጋኝ የተለቀመ የጎማ ሽቦ በሞረድ ሁለቱን ጫፍ አሾልሁ። ለቀጭን ክር ይበጃል። ሞኝነቴ ግን በዚያው ሽቦ ወፍራሙን የበግ ጠጉር መሞከሬ ነበር፤ የወጣው ነገር ልብስ ሳይሆን ጣውላ ሆነ፤ አስቀምጡት ቢሉት ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ቀርከሃ ሰንጥቄ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስሁ።

ብልሃቱም ሰዎች እንደሚያስፈራሩት አይደለም። ዓይኑን ከፊት ማውጣትና ከኋላ ማውጣት ካወቁ የቀረው ድፍረት ነው። በውጭ ሹራቦች ደረት ላይ የምናየው ገመድ መሳይ ጉንጉን፣ ሦስት ዓይን በትርፍ ዘንግ አቆይቶ ተከታዮቹን ሦስት አስቀድሞ መሥራት ብቻ ነው፤ ትርፍ ዘንግ ሳጣ የባንኩን እርሳስ ተጠቅሜያለሁ። አንድ ዓይን ስታመልጥ ከሃያ ረድፍ በታች ድረስ ትወርዳለች። ቤት ያልመታ ስንኝ እንኳ እንዲህ አያጋልጥም፤ ገጣሚ ወዳጆቼ ሹራብ ቢሞክሩ የምመኘው በከፊል ለዚህ ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን አንኮበር ያለችው አክስቴ ነገር ነው። ጥቁሩን ክር የፈተለችልኝ እርሷ ናት። ጠጉሩን ሳጥብ በሁለት እጄ ማሸት ስጀምር «ኧረ አንተ ልጅ፣ አትሸው! ተጣብቆ ይሞትብሃል፤ ዝም ብለህ ንከረው» ብላ ጮኸችብኝ። ይህን የሚያውቁ ሴቶች እያለፉ ነው፤ ሴቶች ልጆቿ አንዳቸውም እንዝርት አልያዙም። እኛ በበግ አገር ነው የምንኖረው። ለከተማችን በግ ማራቢያ ኮሪዴልና አዋሲ ከባሕር ማዶ መጥተው ከመንዙ ጋር ተዳቅለዋል፤ የብርድ ልብስ ፋብሪካም በ1950ዎቹ ተቋቁሞልናል። ሆኖም ጥቁር፣ ቡናማና ነጭ ሆኖ ሳይነከር የሚያምረው የመንዝ በግ ጠጉር በየጓሮው ከቆዳው ጋር ሲጣል አያለሁ፤ ከጣዩ አጠገብም በሰው አገር ክር የተሠራ ስስ ሹራብ ለብሶ የሚንቀጠቀጥ ልጅ ቆሟል። ጠጉሩ ሻካራ ነው፣ አንገት ይበላል፤ አልክድም። በሸሚዝ ላይ ይለበሳል፣ ቆብም ከሆነ በውስጡ አቡጀዲ ይገባለታል። ሻካራነቱ ለመጣል ምክንያት ከሆነ ግጥሞቻችንንም ብዙዎቹን መጣል ሊኖርብን ነው።

ቆቡ አልቋል። ለራሴ ብዬ የጀመርሁት ቢሆንም ጠቦኛል፤ ዓይን ቆጥሬ ስጀምር ተሳስቼ ነው። ያ ገጣሚ ወንድማችን ራሱ ከእኔ እንደሚያንስ አስተውያለሁና በሚቀጥለው ስብሰባ ይዤለት እመጣለሁ፤ የማይሆነው ከሆነ ዙሪያውን በክር ለክቶ ይላክልኝ፤ ተርትሬ እንደገና እሠራለታለሁ።