ቀይ ሽብርን የሚያስተባብሉ

ከካዛንቺስ ወደ መስቀል አደባባይ ሲወርዱ የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም ይገኛል። በመስታወቱ ውስጥ የተደረደሩት የራስ ቅሎች ከጅምላ መቃብር የወጡ ናቸው። ያም ሆኖ ግድያውን ስለፈጸመው ወታደራዊ መንግሥት «ደርግ የገደለው አገር ለማዳን ነው» የሚሉ አሉ። ናዚዎች የፈጸሙትን እልቂት የሚክዱም እንዲሁ ሰበብ አያጡም። ደርግን ይታገል የነበረው ኢሕአፓም ገድሏል፤ ያ ግን የመንግሥትን ጭፍጨፋ አያጥብም።

ሚያዝያ 1969 ዓ.ም. የደርጉ መሪ ኮሎኔል መንግሥቱ በዚሁ መስቀል አደባባይ ደም መሰል ፈሳሽ የያዙ ጠርሙሶችን ሲከሰክሱ፣ «አናርኪስት» የተባለ ወጣት ቀድሞውኑ ከሰው ተራ ወጥቶ ነበር። ቀበሌ ታጠቀ፤ ጎረቤት ጎረቤቱን ጠቆመ። የልጃቸውን ሬሳ ለመውሰድ የጥይት ዋጋ የተጠየቁ ወላጆች ነበሩ። ፍርድ ቤት በ1999 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱን በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ብሏቸዋል።

መምህራን ሆይ፣ ተማሪዎቻችሁን ወደ ሙዚየሙ ውሰዱ፤ ግድያው እንዴት እንደተጀመረም አስረዷቸው።