ለሞላምያይን ስም የሚያወጣላት ማነው?

የምያንማር ስም ወደ ብዙዎቻችን ጆሮ የደረሰው በክፉ ወሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በታይላንድ ድንበር ላይ ከምትገኘው ከምያዋዲ አካባቢ፣ በኢንተርኔት ማጭበርበሪያ ግቢዎች ውስጥ በግዳጅ ሲሠሩ የነበሩ 260 ያህል የልዩ ልዩ አገር ዜጎች ተለቅቀው ወደ ታይላንድ ሲሻገሩ፣ ከመካከላቸው 138ቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ስለዚያ መከራ ተጽፏል፤ ገናም ሊጻፍ ይገባል። እኔ ዛሬ ላነሣ የፈለግኩት ግን ከዚያው ድንበር በስተምዕራብ፣ የጥቂት ሰዓታት የመኪና መንገድ ርቃ ስለምትገኘውና በእኛ ዘንድ እምብዛም ስለማትታወቀው የባሕር ዳርቻ ከተማ ስለ ሞላምያይን ነው።

በ2019 ለአንድ ጉባኤ ባንኮክ በሄድኩበት ጊዜ ተሻግሬ አራት ቀን ሰንብቼባታለሁ። ስለ እርሷ የሚጻፈው አብዛኛው የጎብኚ ማስታወሻ ነው፤ ልስናቸው የተላላጠ የእንግሊዝ ዘመን ቤቶች፣ በኮረብታው ጫፍ በወርቅ የሚያብረቀርቁ የቡድሃ ፓጎዳዎች፣ በወንዙ ላይ የምትጠልቅ ፀሐይ። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ውበቷም አያጠራጥርም። ነገር ግን ጎብኚው ቅርስ ብሎ የሚያዝንለት ሌላ፣ የአገሩ ሕዝብ ቅርሴ ብሎ የሚሟገትለት ሌላ ሆኖ ነው ያገኘሁት።

ሞላምያይን የታንልዊን ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት አፍ ላይ የተቆረቆረች፣ ከሩብ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የሚኖርባት የሞን ግዛት ርእሰ ከተማ ናት። ስሟ በሞን ቋንቋ «ሞት ሙዋ ሉም» ከሚለው የመጣ ነው ይባላል («ሞት» በእነርሱ ዘንድ ዓይን ማለት ነውና አንባቢ አይደንግጥ)። ትርጓሜው «አንድ ዓይን የጠፋ» እንደ ማለት ነው። ባለ ታሪኩ በግንባሩ ላይ ሦስተኛ ዓይን የነበረው፣ በዚያም ዓይን የጎረቤት መንግሥታትን ምሥጢር የሚያይ ንጉሥ ሲሆን፣ ከጎረቤቶቹ አንዱ ሴት ልጁን ድሮለት እርሷ ያንን ዓይን አጠፋችበት። አፈ ታሪክ መሆኑ ግልጽ ነው። ለእኔ ቁም ነገሩ ስሙም ተረቱም በሞን ቋንቋ ካልሆነ በቀር የማይፈታ መሆኑ ነው።

ሞኖች በዚያ ምድር ከሁሉ ቀደም ብለው ከጻፉትና ቡድሂዝምን ከተቀበሉት ሕዝቦች መካከል ናቸው። በ1113 ገደማ በፓጋን የተቀረጸው የምያዜዲ ድንጋይ በአራት ቋንቋ፣ በፓሊ፣ በፕዩ፣ በሞንና በበርማ የተጻፈ ነው፤ በዚያ ድንጋይ ላይ ሞን ከበርማ ቋንቋ ጎን በእኩልነት ቆሞ ይታያል። የመጨረሻው የሞኖች መንግሥት ግን በ1757 በበርማው ንጉሥ በአላውንግፓያ እጅ ወደቀ፤ ብዙዎችም ወደ ሲያም ተሰደዱ። እንግዲህ እንግሊዞች ሲደርሱ ያገኙት አስቀድሞ የተሸነፈ ሕዝብ አገር ነው። ይህን ያልያዘ የቅኝ ግዛት ታሪክ ጎዶሎ ነው።

እንግሊዞች በመጀመሪያው የእንግሊዝና የበርማ ጦርነት ድል አድርገው በ1826 በያንዳቦ ውል የተናሰሪምን ጠረፍ ሲወስዱ፣ ሞላምያይን ከመንደር ያለፈች አልነበረችም። በ1827 መቀመጫቸውን እዚያ አደረጉ። ከወንዙ ማዶ ያለችው ማርታባን እስከ 1852ቱ ሁለተኛ ጦርነት ድረስ በበርማ ንጉሥ እጅ ስለነበረች፣ ሁለቱ መንግሥታት ለ25 ዓመት በአንድ ወንዝ ግራና ቀኝ ሲተያዩ ኖሩ። ከተማይቱን ያበለጸጋት የቲክ እንጨት ነው። ከላይኛው አገር ደን እየተቆረጠ በወንዙ ተንሳፍፎ የሚወርደውን ግንድ ዝሆኖች እየጎተቱ በመሰንጠቂያዎቹ ደጃፍ ይከምሩት ነበር። ከሕንድ ነጋዴውም የቀን ሠራተኛውም ጎረፈ። ስለዚህ ዛሬ መስጊዱ፣ የሂንዱ ቤተ መቅደሱ፣ የአንግሊካኑና የካቶሊኩ ቤተ ክርስቲያን ተቀራርበው ይታያሉ። አሜሪካዊው ሚስዮናዊ አዶኒራም ጀድሰን መጽሐፍ ቅዱስን ወደ በርማ ቋንቋ ተርጉሞ በ1834 የጨረሰውም እዚሁ ነው።

የእንግሊዝኛ አንባቢ ከተማይቱን የሚያውቃት በሁለት ጸሐፊዎች ነው። ሩድያርድ ኪፕሊንግ በ1889 በመርከብ ሲያልፍ ለጥቂት ጊዜ አያት፤ ከዚያ በኋላ በጻፈው «ማንዳሌ» በተባለው ግጥም መክፈቻ ላይ ያለው ፓጎዳ በኮረብታው ላይ የሚገኘው ቻይክታንላን ነው ተብሎ ይታመናል። በ2017 የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ቦሪስ ጆንሰን በያንጎኑ የሽዌዳጎን ፓጎዳ ውስጥ ይህንኑ ግጥም ማነብነብ ሲጀምሩ፣ የገዛ አገራቸው አምባሳደር ለቦታው እንደማይገባ ነግረው አስቆሟቸው። ካሜራም ቀርጾት ነበር። ሁለተኛው ጆርጅ ኦርዌል ነው። ከ1922 እስከ 1927 በበርማ በፖሊስነት ሲያገለግል እዚህም ተመድቦ ነበር፤ በ1936 የታተመው፣ ዝሆን ስለ መግደል የሚተርከው ድርሰቱ የሚጀምረው በዚህችው ከተማ ነው። ቅኝ ገዢ የሚገዛው ሕዝብ እንዳይስቅበት ሲል ብቻ የማይፈልገውን እንዴት እንደሚሠራ ከዚያ ድርሰት የበለጠ አጥርቶ ያሳየ ጥቂት ነው። የእናቱ ወገኖች ሊሙዛን የሚባሉ፣ ዘራቸው ከፈረንሳይ የሆነ የእንጨት ነጋዴዎች ነበሩ፤ በስማቸውም መንገድ ተሰይሞላቸው ነበር። ሕዝቡ ግን የባዕዱን ስም በራሱ አፍ ሲጠራው ሲጠራው፣ በበርማ ቋንቋ «የብርቱካን መደርደሪያ» ወደሚል ትርጉም ለወጠው። እንዲህ ያለውን የስም ለውጥ እወድደዋለሁ፤ አዋጅ አልታወጀበትም።

ከከተማይቱ በስተደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ታንብዩዛያት አለች። ጃፓኖች በ1942 እና በ1943 ያሠሩት፣ «የሞት ሐዲድ» እየተባለ የሚጠራው 415 ኪሎ ሜትር የባቡር መንገድ በበርማ በኩል የሚያበቃው እዚያ ነው። በጦርነቱ መካነ መቃብር 3,149 የብሪታንያ ኮመንዌልዝና 621 የኔዘርላንድ ሰዎች አርፈዋል፤ ሣሩ የተከረከመ፣ ድንጋዩ የተስተካከለ ነው። በዚያው ሐዲድ ሥራ ያለቁት ታሚሎች፣ ጃቫዎች፣ በርማውያንና ሞኖች 90 ሺህ ያህል እንደሚሆኑ ይገመታል። ለእነርሱ በስም የተጻፈ እንዲህ ያለ የድንጋይ ረድፍ የለም።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። በ1989 ወታደራዊው መንግሥት ባወጣው ሕግ በርማን ምያንማር፣ ራንጉንን ያንጎን፣ ሞልሜን ይባል የነበረውን ደግሞ ሞላምያይን አሰኘ። ምክንያቱ የቅኝ ግዛትን አጠራር ማስወገድ ነው ተባለ። በጎ ሐሳብ ነው፤ ማን ይቃወማል? ነገር ግን እንግሊዛዊው የሞኖችን ስም ለራሱ አፍ እንዲመች አድርጎ እንደጠራው ሁሉ፣ አዲሱም ስም ለባማሩ አፍ የተመቸ አጠራር እንጂ ወደ «ሞት ሙዋ ሉም» የተመለሰ አልነበረም። የተለወጠው ጠሪው ነው።

የሞኖችን ቋንቋ ያቆየላቸው ገዳሙ ነው። «ቻይክ» የሚለው ቃል ራሱ በሞን ቋንቋ ፓጎዳ ማለት ሲሆን፣ በታችኛው በርማ ብዙ የቦታ ስሞች በዚሁ ቃል ይጀምራሉ። በኮረብታው ላይ ማንዳሌ በ1885 በእንግሊዞች እጅ ከወደቀች በኋላ ከንጉሥ ሚንዶን ሚስቶች አንዷ የነበረችው ሴይንዶን ያሠራችው የእንጨት ገዳም አለ፤ ቅርጹ ድንቅ ነው፤ እርጅናው ያሳዝናል። ጎብኚው የሚያነሣው የዚህን ዓይነቱን ፎቶግራፍ ነው። ይሁንና በመንግሥት ትምህርት ቤት የሞን ቋንቋ ቦታ ባጣበት ረጅም ዘመን፣ ልጆች በሙቀቱ ወራት ዕረፍት ፊደላቸውን የቆጠሩት ፎቶግራፍ በማይነሡ በየመንደሩ ገዳማት፣ በመነኮሳት እግር ሥር ነው። የቄስ ትምህርት ቤት ያየ ኢትዮጵያዊ ይህን ለመረዳት ማስረጃ አያሻውም።

በ2016 የአውንግ ሳን ሱ ቺ ፓርቲ በምርጫ አሸንፎ ሥልጣን ያዘ። የሞን ግዛት መራጭም በ2015 በብዛት የመረጠው ይህንኑ ፓርቲ ነበር። ከዓመት በኋላ ሞላምያይንን ከማዶዋ ካለው ከቢሉ ደሴት የሚያገናኘው፣ ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ የሚረዝመው ድልድይ ሲጠናቀቅ፣ ፓርላማው በሱ ቺ አባት ስም «የጄኔራል አውንግ ሳን ድልድይ» ይባል ብሎ ወሰነ። የአካባቢው ሰው የአካባቢውን ስም ፈልጎ ነበርና በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በሞላምያይን አደባባይ ወጡ። ውሳኔው ግን ጸና። ኤፕሪል 1 ቀን 2017 በተደረገው የማሟያ ምርጫ ገዢው ፓርቲ ደሴቲቱ ያለችበትን የቻውንግዞንን ወንበር የቀድሞ መኮንኖች ላቋቋሙት ፓርቲ አስረከበ። ሰው ለስም ብሎ የጠላውን መረጠ! ድልድዩም በሜይ ወር በተወሰነለት ስም ተመረቀ።

የውሳኔው ደጋፊዎች ክርክር የሚናቅ አይደለም። አውንግ ሳን የነጻነት አባት ነው፤ በ1947 የተገደለው ለመላው አገር ሲታገል ነው፤ አገርም የጋራ ስሞች ያስፈልጓታል ይላሉ። የሰውየውን ታላቅነት እኔም አልክድም። ነገር ግን ስም የጋራ የሚሆነው ባለቤቱ ተጠይቆ ሲቀበለው ነው። አውንግ ሳን ራሱ በተገደለበት ዓመት በፓንግሎንግ ከሻን፣ ከካቺንና ከቺን መሪዎች ጋር ተቀምጦ ስምምነት ሲፈርም፣ ሞኖች በፈራሚዎቹ መካከል አልነበሩም። ከ70 ዓመት በኋላ በደጃቸው የተሠራውን ድልድይ ሳይወዱ በእርሱ ስም መሰየም ያንን ጉድለት ማደስ እንጂ አንድነትን መገንባት አይደለም። በ2019 በካያ ግዛት ሎይካው ከተማ የአውንግ ሳንን ሐውልት የተቃወሙ ወጣቶች በፖሊስ የጎማ ጥይት ሲበተኑም ነገሩ የአንድ ድልድይ ጉዳይ ብቻ እንዳልነበረ ታየ። ይህን ያደረገው የጦር መኮንኖች ጉባኤ ሳይሆን፣ ሕዝብ በነጻ ድምፅ የመረጠው መንግሥት መሆኑ ነው የሚያሳዝነው። በማዕከል ተቀምጦ ለዳር አገር ስም የማውጣት ልማድ ከለንደን ወደ ራንጉን፣ ከመኮንን ወደ ምርጫ አሸናፊ ሲተላለፍ እምብዛም አልተለወጠም።

ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2021 ጦሩ ሥልጣን ነጥቆ ሱ ቺን አሰረ። በሞላምያይንም ሕዝቡ አደባባይ ወጣ። በዚያው ዓመት ሜይ ላይ ከ11 ሺህ በላይ የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ሠራተኞች መታገዳቸውን አንድ የመምህራን ማኅበር ለሮይተርስ ተናግሯል። ድልድዩን የሰየመው ፓርቲ በ2023 በወታደሮቹ የምርጫ ኮሚሽን ፈርሷል። በ2019 ያነጋገርኳቸው የደሴቲቱ ሰዎች ግን ከአንዱም አፍ የጄኔራሉን ስም አልሰማሁም፤ «የቢሉ ድልድይ» ይሉት ነበር።